ለመጫር የተሠራ እንጨት

ስለ ጊታር ስንጽፍ ስለ ዘፈኑ እንጽፋለን፤ ስለ ተጫዋቹ ጣት፣ ስለ ቅኝቱ፣ አንዳንዴም ስለ ካሴቱ ሽፋን። በጊታሩ ደረት ላይ፣ ከድምፅ ቀዳዳው ሥር ስለተለጠፈችው ስስ ነገር ግን አንድም ሰው ሒስ ሲጽፍ አላየሁም። ስሟ ፒክጋርድ ነው። ጊታር የማትነኩ ከሆነ እንዲህ አስቧት፦ ተጫዋቹ በፒክ ክሮቹን ገርፎ ሲያወርድ እጁ ክሩ ላይ አይቆምም፤ አልፎ ሄዶ እንጨቱን ይነካል። ፒክጋርድ የምትቀመጠው እዚያ ማረፊያው ላይ ነው። እሷ ትጫራለች፣ የጊታሩ ፊት ይተርፋል። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው።

ይህ ጽሑፍ ቆቦ ውስጥ፣ ከተሰበረ ወንበር መደገፊያ በወጣ ዋንዛ፣ በቤት ውስጥ ስለተሠራች አንዲት ፒክጋርድ ነው። የሠራኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ገለልተኛ ሐያሲ ነኝ ብዬ አላደርቃችሁም። ግን አንድን ልብ ወለድ ወይም አንድን አልበም እንደምንመዝነው ልመዝናት እፈልጋለሁ፦ ምን ልታደርግ ተነሣች? አደረገችው ወይ? ስለ እኛ ጣዕምስ ምን ትነግረናለች? የመጨረሻው ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። «ጊታርን ሀበሻ እናድርገው» የሚል ሐሳብ በየጊዜው እንሰማለንና። እኔ ደግሞ ያ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህች በመዳፍ በምትሸፈን ቦታ ላይ ነው እላለሁ።

* * *

መጀመሪያ ስለ ዘሯ። ፒክጋርድ የሁሉም ጊታር አካል አይደለችም። ክላሲካል ጊታር በጣት ስለሚመታ የለውም። የፍላሜንኮ ጊታር አለው፤ ተጫዋቹ በጥፍሩና በጣቱ ደረቱን እንደ ከበሮ ስለሚመታ ስስ መከላከያ ይለጠፍለታል፤ ስፔኖቹ «ጎልፔአዶር» ይሉታል። የብረት ክር ያለው፣ በፒክ የሚገረፈው ጊታር ግን ያለ ፒክጋርድ ብዙም አይታይም።

መከላከያውን የናቀ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማየት ከፈለጋችሁ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የዊሊ ኔልሰንን ጊታር ፎቶ ፈልጉ። ጊታሩ ማርቲን ኤን-20 ነው፤ ናይለን ክር ያለው፣ በጣት እንዲመታ የተሠራ፣ ስለዚህም ፒክጋርድ የሌለው። ዊሊ ግን ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፒክ ሲገርፈው ኖረ። ዛሬ ከድምፅ ቀዳዳው አጠገብ እጁ የፈለፈለው ሁለተኛ ቀዳዳ አለ። ጊታሩ ስም አለው፤ «ትሪገር» ይባላል። ዓለም ይወደዋል፤ ቁስሉ የሕይወት ታሪክ ሆኖ ይነበባል።

ይህን ፍቅር እረዳዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር እንዳንረሳ፦ ትሪገር በየጊዜው የሚፈትሸውና የሚጠግነው ባለሙያ አለው። ቁስልን ማድነቅ የሚያምረው ሐኪም በአጠገብ ሲኖር ነው። ቆቦ ላይ የጊታር ደረት ከተሰነጠቀ ነገሩ ታሪክ አይሆንም፤ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ልጁም ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል።

በሌላ በኩል መከላከያውም ገዳይ ሊሆን ይችላል። ማርቲን ኩባንያ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ፒክጋርዱን በቀጥታ ባልተቀባው እንጨት ላይ ይለጥፈው ነበር። ፕላስቲኩ እያደር ይኮማተራል። ሙጫው ግን አይለቅም። ታዲያ ሲኮማተር የጊታሩን ስስ ፊት ይዞ ይጎትተዋል፤ በጠርዙ በኩልም ስንጥቅ ይወጣል። ይህ ችግር የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ በአሮጌ ማርቲኖች ላይ ጠጋኞች መጀመሪያ የሚያዩት ቦታ ነው። አሠራሩ የተለወጠው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ጠባቂ ሆኖ የገባው፣ ከተጠባቂው ጋር አብሮ መንቀሳቀስ ስላልቻለ ገዳይ ሆነ። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ዋንዛዋ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ሦስተኛው መንገድ ጌጥ ነው። ጊብሰን በ1960 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው «ሃሚንግበርድ» የተባለው ጊታር ፒክጋርዱ ላይ ወፍና አበባ ተቀርጾበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለኤቨርሊ ወንድማማቾች የተሠራው ሞዴል ደግሞ በድምፅ ቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ፒክጋርዶች ነበሩት። መድረክ ላይ ያምራል። ነገር ግን ያ ሁሉ ፕላስቲክ በጊታሩ ደረት ላይ ተጭኖ ደረቱ እንደ ልቡ እንዲርገበገብ አይፈቅድለትም። ጌጡ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይከፍላል።

እንግዲህ ሦስት ሐሳቦች አሉን፦ ይቁሰል ተዉት፣ አጥብቃችሁ ሸፍኑት፣ አስጊጡት። የቆቦዋ ፒክጋርድ ከሦስቱም የተለየ ነገር ለማለት ሞክራለች።

* * *

ከመሠራቷ በፊት ግን ለምን እንዳስፈለገች ልንገራችሁ። ቆቦ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ሜዳው ማሽላና ጤፍ ነው፤ ሙቀቱም የሚቀልድ አይደለም። የእኔ ጊታር ሦስተኛ እጅ ነው፤ ከእኔ በፊት ሁለት ባለቤት አይቷል። የፕላስቲክ ፒክጋርዱ ጠርዙ ተጠቅልሎ፣ ሙጫው ወደ ማርነት ተለውጦ፣ ግማሹ ተነሥቶ ነበር። ክሩን በገረፍኩ ቁጥር የተነሣው ጠርዝ ይንጣጣል።

አዲስ ማዘዝ ይቻላል አይደል? ይቻላል። ግን ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ትንሽ ዕቃ ሁሉ ሌላ ስሌት ሆኗል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ በባንክ ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። ለአንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ያን ያህል መክፈል ነውር ባይሆንም ያሳስባል። ደግሞም የሚመጣው ያው ፕላስቲክ ነው፤ ያው ሙቀት ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ የራያን ሙዚቃ መጥራት ግድ ነው። የራያ ዘፈን በእጅና በእግር የሚዘፈን ነው። ጭብጨባው፣ ዱላው፣ አብሮ መዝለሉ፣ ክቡ። ነሐሴ 16 በሚጀምረው በሶለል የቆቦ ልጃገረዶች የሚዘፍኑት በከበሮና በጭብጨባ ነው፤ ከዚያ በላይ መሣሪያ አያስፈልገውም። ታዲያ ጊታር እንዲህ ያለ ድግስ ውስጥ ከገባ ለስለስ ብሎ አይሰማም። መገረፍ አለበት። እዚህ አካባቢ ጊታር የሚይዝ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እጁ ክራር ያውቃል። ክራርን ሲገርፉ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ጠርጎ ያልፋል፤ የማይፈለገውን ድምፅ አፍኖ የሚመርጠው ግራ እጅ ነው። ያ ቀኝ እጅ ወደ ጊታር ሲዞር ጠረጋውን ይዞት ይመጣል። በእንዲህ ያለ እጅ ሥር መከላከያ የሌለው ደረት ብዙ ዓመት አይቆይም።

* * *

እንጨቱን ያገኘሁት ከአንድ አዛውንት አናጢ ደጅ ነው። ዋንዛ ነው፤ የወንበር መደገፊያ የነበረ። ለአንድ መዳፍ የሚያህል ነገር ዛፍ አይቆረጥም። በዚያ ላይ አሮጌ እንጨት ይሻላል፤ መጣመም የሚፈልገውን ሁሉ ቀደም ብሎ ተጣሞ ጨርሷል። በአካባቢው ቁርቁራ ሞልቷል፣ ከደጋ የሚወርድ ወይራም ይገኛል። ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው፤ ለዱላና ለእጀታ እንጂ ለዚህ ሥራ ከባድ ናቸው። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመጋዝ እሺ ይላል፣ ለክራርም ለማሲንቆም የኖረ እንጨት ነው።

አናጢው እንጨቱን እስኪሳሳ ስልገው ቆይተው አዩኝና፣

«ይህን ሁሉ የምትለፋው ምን ልታስቀምጥበት ነው፣ ልጄ?» አሉ።

«ምንም አይቀመጥበትም፣ አባባ። እንዲጫር ነው።»

«እንዲጫር?»

«ጊታሩ እንዳይጫር እሱ ይጫርለታል።»

ትንሽ ዝም ብለው፣ «እንዲህ በለኛ! ማረሻ ነዋ» አሉኝ።

ይህ ቃል ካነበብኳቸው የጊታር ጽሑፎች ሁሉ በላይ ነገሩን ገለጠልኝ። የእርሻ ዕቃውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ ሞፈሩ እንጨት ነው፣ ድግሩ እንጨት ነው፣ ቀንበሩ እንጨት ነው። አፈሩን የሚገጥመው ማረሻው ብረቱ ብቻ ነው። ማረሻው ይበላል፣ ይደንዛል፣ ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል፣ ይለወጣል። ሞፈሩ ይቆያል። ገበሬው ማረሻው ስላለቀ አያለቅስም፤ ማለቅ ሥራው ነው። አንድ ዕቃ ውስጥ የሚኖረውና የሚያልቀው ክፍል ተለይተው ይታወቃሉ።

ደግሞ ቀንበር የሚለውን ቃል ልብ በሉት። በሬዎቹን የሚያጣምረው እንጨት ቀንበር ነው፤ በበገናና በክራር ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት አግዳሚም ቀንበር ይባላል። የመሣሪያ ሠሪው ቃል ከገበሬው ቃል ብዙ አልራቀም። የአሠራር ሐሳቡም እንደዚያው። የክራር የድምፅ ሳጥን የእንጨት ገበቴ ወይም የብረት ሳህን ነው፤ በላዩ ቆዳ ይወጠራል። ቆዳው ሲላላ ወይም ሲቀደድ አዲስ ይወጠራል፤ ክራሩ ያው ክራር ነው። ማሲንቆም እንዲሁ። የኛ መሣሪያዎች ፒክጋርድ የላቸውም፣ ምክንያቱም ፊታቸው ራሱ የሚለወጥ ነው። ጊታር ግን ፊቱ ቋሚ ነው፤ ከሦስት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ እንጨት ሆኖ ሙሉ ድምፁን የተሸከመ። ስለዚህ ማረሻ ያስፈልገዋል።

* * *

አሠራሯን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ የሒሱ ማስረጃ እዚያ ውስጥ ነውና።

አሮጌውን ፕላስቲክ ለማንሣት የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል። ሙጫው እስኪለሰልስ ከሩቅ እየዞረ ይሞቃል፤ ከዚያ አሮጌ የሞባይል ካርድ በሥሩ እየገባ፣ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ቀስ ተብሎ ይነሣል። የቀረውን ሙጫ ጥጥ ላይ ባረፈ የላይተር ቤንዚን ጠረግሁት፤ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ቀለሙን እንደማያነሣ አይቼ።

ፕላስቲኩ ሲነሣ ሥሩ ያለው እንጨት ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። ያ ነጭ ጥላ ዝግጁ ንድፍ ነው። ወረቀት አድርጌበት ጠርዙን በእርሳስ አሸሁት፤ ከዚያ ወደ ፓስታ ካርቶን ገለበጥኩት። ካርቶኑን አልጣልኩትም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዋንዛውን በመጋዝ ሰንጥቄ፣ በመላጊያ አሳስቼ፣ በመጨረሻ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ በሁለት ፊት በሚለጥፍ ፕላስተር አጣብቄ በብርጭቆ ወረቀት አወረድኩት፤ በ120 ጀምሮ፣ በ240 አልፎ፣ በ400 እስኪለሰልስ። አንድ ሚሊ ተኩል ላይ ሲደርስ ቆምኩ። እንዲህ የሳሳ እንጨት በመስመሩ በኩል በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጀርባው ላይ ስስ አቡጀዲ በቀጠነ ኮላ ለጥፌ፣ በሁለት ጣውላ መካከል ክብደት ጭኜበት አሳደርኩት። አቡጀዲው አይታይም፤ ግን እንጨቱን እንደ አጥንት ማሰሪያ ይይዘዋል።

ዋናው ውሳኔ የመስመሩ አቅጣጫ ነበር። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጠው፣ ሲደርቅም የሚኮማተረው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም። የጊታሩ ፊት መስመሮች ከክሮቹ ጋር ትይዩ ናቸው። የዋንዛዋንም መስመር በዚያው አቅጣጫ አደረግሁት። ቆቦ ክረምት ሲገባም ሲወጣም ሁለቱ በአንድ በኩል ይነፋሉ፣ በአንድ በኩል ይሰበሰባሉ። የማርቲንን ስንጥቅ አስታውሳችኋል? ያ የመጣው ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ነገሮች በማይለቅ ሙጫ ስለተጋቡ ነው። እዚህ ግን ጠባዩ የቀረበ ነው፤ ማጣበቂያውም ቢሆን ኮላ አይደለም። ሁለት ፊት የሚለጥፍ ስስ ፕላስተር ነው፤ ሞቅ ሲያደርጉት ይለቃል። ማረሻ በምስማር አይመታም፤ በወገል ይያዛል፣ ሲፈለግ ይወጣል።

በመጨረሻ ስስ ቫርኒሽ፣ ሦስት ጊዜ፣ በሁለቱም ፊት። በአንድ ፊት ብቻ ከተቀባ ሌላው ፊት እርጥበት ይጠጣና እንጨቱ እንደ ቂጣ ይጠቀለላል።

* * *

አሁን ወደ ጣዕም እንምጣ።

ሥራው ሲያልቅ ያዩት ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ለምን የላሊበላ መስቀል አልቀረጽክበትም?» አንዱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥለት ሐሳብ አቀረበ። ሌላዋ የራያን ልጅ ከነጎፈሬው ብትስልበት አለችኝ። ሐሳቦቹ ከፍቅር የመጡ ናቸው፤ አልተቀየምኩም። ግን አልተቀበልኩም፤ ምክንያቴም ውበትን መናቅ አይደለም።

በስጦታ ዕቃ መደብር ውስጥ የተሰቀለ ክራር አይታችኋል። ቀለም ተቀብቷል፣ ጥብጣብ ታስሮለታል፣ ቆዳው ላይ ሥዕል አለ። ክሩን ብትነኩት ግን ድምፅ የለውም። መቃኛው አይዞርም። እሱ ክራር መምሰል ነው ሥራው። ይህ ክራር የኛን ባህል ያሳያል ብለን እንሸጠዋለን፤ እኔ ግን የሚያሳየው ባህሉ ከጥቅም ሲለይ ምን እንደሚመስል ነው እላለሁ። ጊታር ላይ መስቀልና ጥለት ለጥፎ «ኢትዮጵያዊ ጊታር» ማለትም ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም። ፒኩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የተሳለ ሥዕል በስድስት ወር ይፋቃል። ተጫዋቹ ሥዕሉን ሊያድን እጁን መቆጠብ ይጀምራል። ያኔ ጠባቂዋ ራሷ ጥበቃ ፈለገች ማለት ነው፤ ሙዚቃውም ፈርቶ ይጫወታል።

ተቃራኒውን ክርክር አውቀዋለሁ። ሃሚንግበርድ ጌጥ አለው፣ ግን ታላቅ ጊታር ነው። የኛም ሠዓሊዎች ብራናውንም ግድግዳውንም አስጊጠዋል። እውነት ነው። ግን የብራና ሐረግ በሚነበበው ጽሑፍ ዙሪያ፣ ኅዳጉ ላይ ይሳላል፤ ፊደሉን አይሸፍነውም። የኛ የጌጥ ባህል ጌጥ የት መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል። ለጊታር ማስጌጥ የምትፈልጉ ራሱ ጫፉ አለ፣ የድምፅ ቀዳዳው ክብ አለ፣ ማንገቻው አለ። የምትጫረውን ቦታ ለጭረት ተዉላት።

የዋንዛዋ ውበት ምን ይመስላል ካላችሁ፦ ቡናማ ናት፣ ትንሽ ወርቅማ። የወንበሩ ዘመን የተወላት አንድ ጠቆር ያለ መስመር በመሐል ያልፋል። ቅርጿ ከአሮጌው ፕላስቲክ የተቀዳ ስለሆነ አዲስ ፈጠራ አይደለችም። ከሦስት እርምጃ ርቆ ያየ ሰው የተለወጠ ነገር መኖሩን አያውቅም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ጥሩ ተርጓሚ ስሙ በሽፋኑ ላይ በትንሹ ይጻፋል፤ መጽሐፉ ግን በአማርኛ ይነበባል።

* * *

ስለ ድምፁስ? እዚህ ላይ ቁጥር ይረዳል። የፒክጋርዷ ስፋት ወደ 90 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ዋንዛ ከውሃ ክብደት ግማሽ ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ሚሊ ተኩል ውፍረት ወደ 7 ግራም ትሆናለች። ተመሳሳይ ስፋት ያለው፣ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሴሉሎይድ 10 ግራም ይደርሳል። ይህ የኔ ግምታዊ ስሌት ነው፤ ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው፦ እንጨቷ ከፕላስቲኩ ወፍራም ሆና ሳለ ቀላል ናት። በአሜሪካ ጂሚ ዳኪስቶን የመሰሉ ጊታር ሠሪዎች ከፕላስቲክ ወደ እንጨት ፒክጋርድ የዞሩት በከንቱ አይደለም። ያም ሆኖ ተአምር አልጠብቅም። ድምፁ ተለወጠ ብዬ ብምል ጆሮዬን ሳይሆን ኩራቴን ማመኔ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ መንጣጣቱ ቀርቷል።

መንጣጣት ሲባል ግን በገና ትዝ ይለኛል። በበገና ላይ በየክሩና በብርኩማው መካከል እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ያ ቆዳ ክሩን እያነካካ ነው ያን የሚያዝነውን፣ የሚነዝረውን ድምፅ የሚያወጣው። እንዝራው ሲነሣ በገናው ባዶ ይሆናል። ጊታር ላይ በሽታ የሆነው በበገና ላይ ጸጋ ነው። ስለዚህ «ጥሩ ድምፅ» የሚባል አንድ ነገር የለም፤ ለመሣሪያው የሚገባ ድምፅ አለ። የተነሣ ፕላስቲክ ንጥጣት ግን ማንም ያልመረጠው ነው። እንዝራ ተመርጦ ይቀመጣል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ለእኔ ደግሞ የኪነ ጥበብ ሁሉ ልዩነት ይመስለኛል።

የፒክጋርዷ ድክመት የት ነው? ልስላሴዋ ላይ። ዋንዛ ከፕላስቲክ ይልቅ ቶሎ ይጫራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ቫርኒሹ ላይ ግማሽ ክብ የሠሩ ቀጫጭን መስመሮች ወጥተዋል፤ የእጄ ጠረጋ በትክክል የት እንደሚያልፍ ይታያል። ረጅም ዕድሜ የሚፈልግ ሰው ቁርቁራን ይሞክር፤ ክብደቱን ይከፍላል። እኔ የሚያልቀውን መርጫለሁ፣ ምክንያቱም መተካት አያስፈራኝም።

* * *

«ለአንዲት ቁራጭ እንጨት ይህ ሁሉ ወሬ?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። እንግዲህ ያስጨነቀኝን ልናገር።

ያ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባ ድምፅ ስንል ጊታር አለበት። በ1975 የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ሲቀዳ ከኋላው አይቤክስ ባንድ ነበር። ሰዓት እላፊው የምሽት ቤቱን ሕይወት አጠበበው፤ ኋላ ደግሞ ኪቦርድ መጣ። ኪቦርድ ጠላቴ አይደለም። ግን ዛሬ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሰርግ ይዘልቃል፤ ጭብጨባው እንኳ ከማሽኑ ነው የሚወጣው። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፣ ቅኝቶቹም በስማቸው ይጠራሉ፤ በነዚህ ቅኝቶች ያደገ ጆሮ ግን በፋብሪካ የተቆለፈ ድምፅ ላይ ሲኖር ምን እንደሚያጣ ማሲንቆ ሰምቶ ወደ ኪቦርዱ የተመለሰ ያውቀዋል። በጊታሪስት ግሩም መዝሙር የሚመራው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የአየለ ማሞን ማንዶሊን ይዞ ሲነሣ ብዙ ወጣት የደነገጠው በዚህ ነው፤ የእንጨት ድምፅ ናፍቆን ኖሯል።

የእንጨት መሣሪያ ግን የሚኖረው ጠጋኝ ባለበት ነው። አዲስ አበባ ላይ ፈልጋችሁ ታገኙ ይሆናል። ቆቦ ላይ፣ ጎብዬ ላይ፣ ሮቢት ላይ ግን ጊታር ሲበላሽ ያበቃለታል የሚል ሐሳብ ከሰፈነ፣ ልጁ የሚመርጠው የማይበላሸውን ወይም ተበላሽቶ የሚጣለውን ነው። በ2013 እና በ2014 ክረምት ጦርነት በዚህች ከተማ አልፏል። ከዚያ ወዲህ እዚህ «ተረፈ» የሚለው ቃል እንደ ዋዛ አይነገርም። የተረፈውን ነገር ማቆየት ትርፍ ጊዜ ላለው ሰው የተተወ ጨዋታ አይደለም። ከወንበር የተረፈ ዋንዛ፣ ከሦስት እጅ የተረፈ ጊታር፣ ከአናጢው የተረፈ ዕውቀት፤ ሦስቱ ሲገናኙ አንድ ዘፈን ይቀጥላል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። የዋንዛዋ ፒክጋርድ ትልቅ ሥራ አይደለችም፤ ትክክለኛ ሥራ ናት። ከጊታሩ ጋር ትነፋለች፣ ትሰበሰባለች፤ ስትፈለግ ትነሣለች፤ ኢትዮጵያዊነቷን አትጮኽም፣ ግን በእጃችን ልክ ተሠርታለች።

ካርቶኑን ኋላ እንመለስበታለን ብያችሁ ነበር። ንድፉ አሁን እኔ ጋ የለም። አንድ ልጅ ሮቢት ይዞት ሄደ፤ እሱ ሲጨርስ ደግሞ አላማጣ ያለ ጓደኛው ይወስደዋል ተብሏል። ጠርዙ ትንሽ ተበልቶ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ስትደርሱ በዚያ በኩል አንድ ሚሊ ጨምሩለት ብያቸዋለሁ።